ድምፅ ያዥ

ሁለት ደቂቃ ተሰጠን፤ የልብ አንጠልጣይ ፊልም መጀመሪያ፣
መፍቻው ለሌላ ቀን የሚቆይ፣ የጭንቀት መቋጠሪያ።
ሉዶቪካ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ «ሌሊት። አንዲት ሴት።
ከኋላዋ ኮፍያ የደፋ፣ ረጅም፣ ጥቁር ልጅ። ጩኸት።»
ከዚያ ሰረዘችው። «ይሄንንማ አክስቴም ትጽፈዋለች፣ ዓይኗን ጨፍና፤
እኛ ተመልካቹን በገዛ ጥርጣሬው እንጥለፈው፣
ቀና ሲል እንዲያፍር እንደገና።»

ስለዚህ ልጁ የሚሮጠው የወደቀ ቁልፏን ሊሰጣት ሆነ፤
በሴትዮዋ ቦርሳ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣
እስከ መጨረሻው ሰከንድ ተከደነ።

ኢድሪሳ ሊጫወት ተስማማ። «ኮፍያውን ልድፋ?» አለ፤
«ድፋ» አልነው። «ባልደፋስ?» ሳቅ ብሎ፣ «ባልደፋስ ለውጥ አለ?»

እኔ ትርሲት ነኝ፣ ድምፅ ያዥ፤ ማይክሮፎን በዘንግ አንጠልጥላ
ሌላው የሚያየውን የምትሰማ፣ ከካሜራው ኋላ።
ኅዳር ነው። ቦሎኛ ጉም ለብሳለች። የመንገዱ ቅስቶች እንደ ጎድን ተደርድረው
አንዷን እርምጃ ይመልሷታል፣ ሦስት ብለው ቆጥረው።

አራት ጊዜ ቀረጽን። በአራተኛው፣
ያልጠራናት ሴትዮ ከፋርማሲው ብርሃን ወጣች፤
ኢድሪሳን አየች፤ እኛን አላየችም፤
ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ መንገዱን ተሻገረች።
«ግሩም!» አለች ሉዶቪካ፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።
ኢድሪሳ ኮፍያውን ገፈፈ።
«ስሟን ጠይቋት እንጂ፤ ከተዋንያኑ ዝርዝር ትግባ።»
ማንም አልሳቀም።

እኔ ግን ነደድኩ። ወንድሜ ያፌት አውቶቡስ ላይ ሲቀመጥ
ከጎኑ ባዶ የሚቀረውን ወንበር እያሰብኩ
ለዚያች ሴትዮ በሆዴ ችሎት አቆምኩ፤ ፈረድኩ።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ተበተንን።
መቅጃው አንገቴ ላይ፣ ብቻዬን፣ በቅስቶቹ ሥር።
ከኋላዬ እርምጃ።
ቅስቱ ነው፣ አንዱን ሦስት ያደርገዋል፣ አልኩ።
አይደለም። ሩጫ ነው።
አልዞርኩም፤ መዞር ማመን ነው።
እናቴ እንዳስተማረችኝ ቁልፌን በጣቶቼ መሐል አሾልኬ ያዝኩ።
በጫማ ሱቁ መስታወት ውስጥ አየሁት፦
ኮፍያ የደፋ። ረጅም። ጥቁር።
ሌላ ምንም አላየሁም። ፊት አላየሁም።
ሉዶቪካ የሰረዘቻቸው ቃላት ብቻ
ጠመኔያቸው ሳይራገፍ።

መንገዱን ተሻግሬ ሮጥኩ።

«ትርሲት! ባትሪውን! ትርፉን ባትሪ ረሳሽ እኮ!»

ኢድሪሳ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ብሎ፣
ባትሪዋን እንደ ጫጩት በመዳፉ አቅፎ።
«ምነው፣ ፈራሽ እንዴ?»
«ኧረ በረደኝ።»
አየኝ። ቁልፌን አየ።
«አዎ» አለ፣ «ዛሬ ይበርዳል።»

ቤት ስገባ የመቅጃው ቀይ መብራት በርቷል፤
ለካ ሳላጠፋው ነው የወጣሁት።
አሥራ አንድ ደቂቃ፦ ጫማዬ፣ የቁልፍ ቅጭልጭልታ፣
ከዚያ ትንፋሽ፣
የሚታደን ሰው ትንፋሽ፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ።
የራሴ እያረረብኝ የሰው ሳማስል አመሸሁ።
ልሰርዘው ጣቴን አሳረፍኩ። ቆየሁ። አነሣሁት።
በማግሥቱ ለሉዶቪካ ሰጠኋት፤
ከየት እንዳመጣሁት አልጠየቀችኝም።

ፊልሙ ሲያልቅ መምህር ጋርዲኒ መብራቱን አበሩ፦
«ይህ ትንፋሽ! ኤሌትራ፣ አሳመንሽኝ።»
«የእኔ አይደለም» አለች ኤሌትራ።
ክፍሉ ዙሪያውን ተያየ።
ኢድሪሳ ብቻ ወደ እኔ አልዞረም፤
የጃኬቱን ዚፕ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ ያደርጋል።

በስሞቹ ዝርዝር ታች፣ ለሰከንድ ብልጭ የሚል
እኔ የጨመርኩት መስመር አለ፤ ማንም አላነበበው፦

መንገድ የተሻገሩ ሴቶች፦
አንዲት ስሟን ያልጠየቅናት፣
ትርሲት።